«የጾም» ተብሎ የተጻፈበት ጣሳ

ከአገሬ የወጣሁት ከንፈሬ ተሰንጥቆ ነው። ሌላውን ሰው ዘመድ አዝማዱ አቅፎ፣ አልቅሶ ይሸኘዋል፤ እኔን ግን ታላቅ ወንድሜ ዮናስ ሰሚት ካለው ኮንዶሚኒየማችን ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ አቁሞ በግራ እጁ አፌን ብሎ ነው የሸኘኝ። ሻንጣዬ እየተንከባለለ ሁለተኛ ፎቅ ደረሰ። እኔም ዝም አላልኩም፣ ጎኑን ሁለት ጊዜ አቀመስኩት። እማዬ ከላይ ሆና «ኧረ ጎረቤት ይሰማል» እያለች ነጠላዋን ታስተካክላለች። እኛ ስንደባደብ እሷን የሚያስጨንቃት ሁልጊዜ ጎረቤት ነው።

ለምን መታህ ብትሉኝ፣ ስለምሄድ ነው። ሁለታችንም ቦክሰኞች ነን። ከልጅነታችን ጀምሮ ቦሌ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ባለች አንዲት ጠባብ ጂም ውስጥ፣ ቢኒያም የሚባል አሠልጣኝ እጃችንን በፋሻ እየጠቀለለ አሳደገን። አንካራ የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለቦክስ ቡድኑ ነፃ የትምህርት ዕድል ሲሰጥ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ዮናስ ይበልጠኛል፣ ይህን ዛሬም አልክድም፤ ግራ እጁ በሬ ይጥላል። ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አላለፈም። ስለዚህ እኔ ፓስፖርት ሳወጣ እሱ ከመገናኛ ሰሚት የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳ ነበር።

ከመታኝ በኋላ ሻንጣዬን አንስቶ ሚኒባሱ ላይ ጫነልኝ። በገርጂ አድርገን ቦሌ ኤርፖርት ደረስን። ስንለያይ ግንባሬን በግንባሩ ገጨኝ፤ እሱ ሲስም እንደዚያ ነው። ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ ከንፈሬን አይቶ ማን እንደመታኝ ጠየቀኝ። ወንድሜ ነው አልኩት። ለምን አለኝ። ስለምሄድ አልኩት። እንደገና አላየኝም፣ ማኅተሙን ጠቅ አድርጎ «መልካም መንገድ» አለኝ።

አንካራ ብርድ ነው። የእኛን የሐምሌ ብርድ ብርድ ብላችሁ የምታማርሩ ሰዎች፣ አፋችሁን ዝጉ። እዚህ አፍንጫ ከውስጥ ይደርቃል። ዳቦ በዳቦ ይበላሉ፣ ሾርባ በዳቦ፣ ሩዝ በዳቦ፤ አንድ ቀን ማካሮኒ በዳቦ ሲበላ ያየሁት ልጅ አለ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ቻይ የሚሉትን ሻይ ሳያጠጡህ አይለቁህም። የሚያበሽቅህ ቢሮ ስትገባ ነው። ኢካመት የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ አለ፣ የትምህርት ዕድልህ ሲቋረጥ እሱም አብሮ ይቋረጣል። ወረቀትህን ገልብጠው ያዩና ጭንቅላታቸውን ወደ ላይ ሰቅለው «ዮክ» ይላሉ፤ የለም ማለት ነው። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ከዮክ ጋር ተደባደብኩ።

ሁዳዴ ሲገባ ሌላ ጭንቀት መጣ። በቀን ሁለት ጊዜ ልምምድ ላይ እየተደበደብክ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት እንዴት ትቆማለህ? እማዬ ስልክ ላይ አለቀሰች፤ ጾሙን እንዳልሽር ፈርታለች፣ እንዳልከሳም ፈርታለች። በመጨረሻ ቢኒያም ጂም ድረስ ሄዳ ነገረችው። እሱም ከሚሸጣቸው የፕሮቲን ዱቄቶች መሀል ወተት የሌለበትን ፈልጎ ክዳኑ ላይ በማርከር በትልቁ «የጾም» ብሎ ጻፈላት። ጣሳው ከበሶና ከሽሮ ጋር ታሽጎ በመንገደኛ እጅ ደረሰኝ። ክዳኑን ሳየው የእናቴን ቤት ያየሁ ያህል ደስ አለኝ።

የቡድኑ ሐኪም ከውጭ የመጣ ነገር እንዳንወስድ አስጠንቅቆናል፤ አልሰማሁም አልልም። ቅጹ ላይ የምትወስደው ተጨማሪ ነገር አለ ወይ ሲለኝ «ምንም» ብዬ ፈረምኩ። አልዋሸሁም፣ በእኔ ቤት እናቴ የላከችው ሁሉ ምግብ ነው። በሶውን አልጻፍኩም፣ ሽሮውን አልጻፍኩም፣ ጣሳውን ለምን እጽፋለሁ?

የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ላይ ከኢዝሚር የመጣ ረጅም ልጅ ደረሰኝ። ሦስተኛው ዙር ላይ ቅንድቡን ቀደድኩት። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ ማየት ተሳነው፣ እኔ ደግሞ ያንኑ ቁስል እየፈለግሁ መታሁት፤ ገመዱ ላይ ተደግፎ እጁን አወረደ፣ አሁንም መታሁት። ዳኛው ወገቤን ይዞ ሲስበኝ የልጁ ጥርስ መጠበቂያ መሬት ላይ ነበር። ያን ቀን በሰውነቴ ውስጥ የነበረው ጉልበት የእኔ ነው ብዬ ኮርቼ ነበር።

ከሪንጉ ስወርድ አንድ ሰውዬ መታወቂያ አሳይቶ ለምርመራ ሽንት ቤት ወሰደኝ። ሱሪህን እስከ ጉልበት አውርድ፣ ሸሚዝህን እስከ ደረት ስቀል ብሎኝ ዓይኑን ሳይነቅል ቆመ። እኛ አገር ሰው ግድግዳ ዞሮ ሲሸና አላፊ አግዳሚው ፊቱን ያዞርለታል። ይህ ግን ጭራሽ ጎንበስ አለ። ዙር ስለው ካልታየኝ አይቆጠርም አለኝ። አምስት ጠርሙስ ውሃ ጠጥቼም ሽንቴ እምቢ አለኝ። የሰው አፍንጫ ሰብሬ የማላፍር ሰው እዚያ አፍሬ ላብ አጠመቀኝ።

ደብዳቤው ሲመጣ ሽንቴ ውስጥ የተከለከለ አበረታች ቅመም ተገኝቷል ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ የክፍሌን የቁም ሣጥን በር በቡጢ በሳሁት፣ እጄ እየደማ ዮናስ ጋ ደወልኩ። እማዬ እንዳትሰማ አስማልኩት፤ ይህን ከሰማች ልጄን በእጄ መረዝኩት ብላ ትሞታለች። ቀጥዬ የተናገርኩትን ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ።

«ቢኒያም ሸጦኛል። አገጩን ስበርልኝ» አልኩት።

«በየትኛው እጅ?» አለኝ።

«በግራ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዮናስ ሚኒባሱን መንገድ ዳር አቁሞ ጂም ገባ። ቢኒያም ቆሞ «ዮኒዬ፣ ጠፋህ እኮ» ብሎ እጁን ሲዘረጋ በግራው አገጩን አለው። ሲወድቅ አልተወውም። ጎኑን በጫማ ረገጠው፣ ተነስቶ ሊሸሽ ሲል ከመስታወቱ ጋር አጋጨው፤ መስታወቱ ረገፈ። ሰውዬው ደም በሞላው አፉ «ምን አድርጌ ነው?» እያለ ይጠይቃል፣ ዮናስ አንድም ቃል አልመለሰም። ቃል ከወጣው እማዬ ጆሮ ይደርሳላ። ይህን ሁሉ ፖሊስ ሳይይዘው በፊት ራሱ ደውሎ ነገረኝ፣ አገጩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል አለኝ። ደስ አለኝ። ያን ቀን በጣም ደስ አለኝ።

ደስታዬ ያለቀው ኮሚቴው ፊት ስቀርብ ነው። ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረጉ አሮጊት ሐኪም ናቸው። ከክፍሌ የወሰዱትን ጣሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ዱቄቱ ውስጥ የተገኘው ነገር መለያው ላይ እንዳልተጻፈ ነገሩኝ። ፋብሪካው ደብቆ የጨመረው ነው፤ የሸጠውም ሰው ሊያውቅ አይችልም አሉ። ዮናስ ታስሯል፣ ቢኒያም ሆስፒታል ተኝቷል፣ እኔ ደግሞ እዚህ በከረባት ቆሜያለሁ።

ሴትዮዋ ሊረዱኝ ፈልገው ነበር። ማን እንደላከልህ ተናገር፣ የላከልህም ሰው እንዴት እንደገዛው ጽፎ ይፈርም፣ ቅጣቱ ይቀንሳል አሉኝ። ከዚያ ክዳኑን አዙረው አሳዩኝ።

«ይህ ጽሑፍ ምን ይላል፣ ልጄ?»

«የጾም ይላል።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ» አልኩ። መንገድ ላይ ከማላውቀው ሰው ገዝቼ ራሴ ጻፍኩበት አልኩ። እማዬን ፈርሚ ከምላት እጄን ብቆርጥ ይሻለኛል። አራት ዓመት አገዱኝ፤ የትምህርት ዕድሉ ሄደ፣ ማደሪያው ሄደ፣ የኢካመቴም ቀን መቁጠር ጀመረ።

ቤት ፍለጋ ስሄድ አንድ አከራይ ሥራዬን ጠየቀኝ። ቦክሰኛ ነበርኩ፣ ታግጃለሁ አልኩት። ስለመታህ ነው ስለተመታህ አለኝ። የጾም ዱቄት ስለጠጣሁ ነው ስለው ሙስሊም መሆኔን ጠየቀ። ክርስቲያን ነኝ ስለው ክርስቲያን ደግሞ መቼ ይጾማል ብሎ ሳቀ። ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ስለው ሳቁን አቁሞ፣ በዚያ ላይ ትደባደባለህ አለኝ። ምድር ቤት ያለች መስኮት የሌላት ክፍል ሰጠኝ፤ ጎረቤት እንዳልመታ ውሉ ላይ አስጻፈኝ። አሁን ቀን ቀን አንድ የፈርኒቸር ማምረቻ ውስጥ ሶፋ እሸከማለሁ፣ ማታ ግድግዳውን እመታለሁ። ውሉ ስለ ግድግዳ አያወራም።

ባለፈው ሳምንት፣ የምሳ ሰዓት ላይ፣ እማዬ ደወለች። አሁንም ቦክስ ላይ ያለሁ ይመስላታል። በየቀኑ ለቢኒያም አጥሚት ይዛ ትሄዳለች፤ አገጩ በሽቦ ስለታሰረ በቀጭን ቱቦ ነው የሚጠጣው። ሽማግሌ ልካለች። ዕርቅ ከወረደ የዮናስ ፍርድ ይቀልለታል ብሏታል ጠበቃው።

«ቢኒያም ካሣ አልፈልግም አለ» አለችኝ። «ለምን እንደመታኝ ብቻ ይንገረኝ ብሎ በወረቀት ጻፈልን። ሽማግሌዎቹ እስር ቤት ድረስ ሄደው ለመኑት፤ እግሩ ላይ እወድቃለሁ፣ ምክንያቱን ግን አልናገርም አላቸው። እነሱም ምክንያት የሌለው ሰው ነገም ሌላ ሰው ይመታል፣ እንዴት አድርገን እናስታርቅ አሉ። እሁድ አንዴ ይሞክራሉ፤ ከዚያ በቃ።»

እኔ የሶፋውን እግር ይዤ ቆሜያለሁ።

«ሳሚዬ፣ ላንተ ምንም አልነገረህም?»

የሶፋውን እግር ለቀቅኩ። እሷም ያዘንኩ መስሏት ልታጽናናኝ ወሬ ቀየረች። ፍልሰታ እየደረሰ ነው፣ ጣሳህ አልቆብህ ይሆናል አለች። ቢኒያም አልጋ ላይ ሆኖ እንኳ አልረሳህም፣ ሰው ልኮ አዲስ አስመጣልኝ፣ ክዳኑ ላይም ራሱ ጻፈበት አለች። መንገደኛም አግኝታለች።

«እማዬ፣ የት ነሽ?»

«በረንዳ ላይ። ኔትወርኩ እዚህ ነው የሚሻለው።»

«ጎረቤት አለ?»

«ማንም የለም። ምነው?»

«ወደ ውስጥ ግቢና ቁጭ በይ።»

የበረንዳው በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ ከዚያ ወንበሩ ተጎተተ።

«ተቀመጥኩ» አለችኝ።