ከጥጥ የተሠራ ቺንጋ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ አሁንም እጠራጠራለሁ። የአንድ ቴፕ ላስቲክ ተበጠሰ፣ አባቴን እልህ ያዘው፤ ሌላ ምን አለው? ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የማነባቸው መጻሕፍት ሁሉ ስለ ትልልቅ ነገር የተጻፉ ናቸው። ለመኝታ ክፍሌ ልጆች ባወራሁላቸው ጊዜም ሁለቱ ሳቁ። አንዷ ግን አልሳቀችም፤ «እኛም ቤት እንዲህ ያለ ሰው አለ» ብላ ሻይዋን እስኪቀዘቅዝ ይዛ ሰማችኝ። እንግዲህ ለእሷ ዓይነቱ አንባቢ ይሁን ብዬ፣ በተቻለኝ መጠን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ።

ቤታችን ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። አባቴ ሸማኔ ነው። በወጣትነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ ነገር ግን እንደ አገሩ ሰዎች ሁሉ ለመስቀል አገር ቤት ሳይሄድ ቀርቶ አያውቅም። ቴፑን የገዛው አብዮቱ በፈነዳ ማግስት ዕቃቸውን እየሸጡ ይወጡ ከነበሩ ፈረንጆች ከአንዱ ነው። እንደ አሁኑ ካሴት የሚጎርስ አይደለም። ከላዩ ሳህን የሚያካክሉ ሁለት ጥቅሎች ጎን ለጎን ይቀመጡበታል፤ ክሩ ከግራው እየተፈታ ወደ ቀኙ ይጠመጠማል። በኤሌክትሪክም በባትሪ ድንጋይም ይሠራል። አባቴ ለምን ያን ያህል እንደወደደው እናቴን ብትጠይቋት «ሽመና መስሎት ነው» ትላችኋለች።

በዚያ ዓመት ለመስቀል ሲሄድ ቴፑን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመት የሆናትን እህቴን አስከትሎ ሄደ። እዚያ አያቴ፣ የአባቴ እህቶችና የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው እህቴን መሐል አስቀመጧት። በአባቴ አገር ሴት ልጅ ተድራ ከቤት ስትወጣ የቤቱ ሴቶች የሚዘፍኑላት ረጅም ዘፈን አለ። ሳይዘፈንላት የወጣች ልጅ ተዳረች ሳይሆን ተባረረች ነው የሚባለው። አያቴ «ይቺ የምትዳረው ከተማ ነው። እኔም እስከዚያ አልቆይም። ዛሬውኑ እንዝፈንላት» አለች። እውነትም ዘፈኑላት፤ አባቴም ቀዳው። አያቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተች። ጥቅሉ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ ከእህቴ ጋር አደገ።

እህቴን የቀጨኔ ልጅ አጭቷት ሽማግሌ በተላከ ሰሞን አባቴ ቴፑን ከሳጥን አወጣው። ሞተሩ አጉረመረመ፤ ጥቅሎቹ ግን አልተነቃነቁም። ከፍተን ስናየው ሞተሩን ከመዘውሩ ጋር የሚያያይዘው ላስቲክ እንደ ሬንጅ ቀልጦ ተበጥሷል።

ቴፑን ይዘን ፒያሳ፣ ድሮ የኩባንያው ወኪል ወደነበረ መደብር ሄድን። እኔን ያስከተለኝ ፈረንጅኛ ካስፈለገ ብሎ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት ክዳኑን ከፍቶ አየና ወዲያው ዘጋው።

«አባቴ፣ ይኼ ቺንጋው ነው የሄደው። መለዋወጫ ደግሞ የለም።»

«መቼ ይመጣል?»

«አይመጣም። ኩባንያው ይኼን ዓይነት መሥራት ትቷል። መለዋወጫ መላክም አቁሟል። አሁን ሁሉም ካሴት ሆኗል።»

«ተወ?»

«ተወ።»

«ሲሸጠው እተዋለሁ ብሎ ነበር?»

ወጣቱ ፈገግ አለ። «ከእኛ ነው የገዙት?»

«ከፈረንጅ።»

«እንግዲያው ፈረንጁን ይጠይቁታ!»

ከኋላችን የቆሙት ሰዎች ሳቁ። እኔ አፍሬ የአባቴን ክንድ ነካሁት። እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ልጄ፣ እኔ የሸመንኩትን ጋቢ ሰው ከስንት ዓመት በኋላ ቀዶ ቢያመጣው እጠግንለታለሁ። ያን ዓይነት መሸመን ትቻለሁ ብዬ አልመልሰውም።»

«እሱ ጋቢ ነው፣ አባቴ። ይኼ ማሽን ነው። ዘፈኑን በካሴት ያስቀዱትና ይገላገሉ።»

«ይኼ ሳይዘፍን ካሴቱ ከየት ይሰማዋል?»

ወጣቱ ራሱን አከከ። «እሱስ ልክ ነዎት» አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ሌላ ሁለት ቦታ ሞከርን፤ መልሱ ያው ነው። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ አውቶቡስ ውስጥ ቴፑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ «እነሱ ይተዉ። እኔ ልጄን ገና አልዳርኩም» አለኝ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለነበር ትኬት ቆራጩ ዞር ብሎ አየን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽመና ቀረ። መጀመሪያ ጎሚስታው ዘንድ ሄዶ ከብስክሌት ካላማዳሪ ቀጭን ቀለበት ቆርጦ አመጣ። ጥቅሎቹ ዞሩ። ዘፈኑም ወጣ፤ ነገር ግን ላስቲኩ ወፍራም ስለነበር ድምፁ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። አያቴና የሰፈሩ ሴቶች በሙሉ ወባ የያዛቸው መሰሉ።

«ኧረ ለእናትህ ጋቢ ደርብላት!» አለች እናቴ ከጓዳ።

አባቴ ግን አልሳቀም። ላስቲኩን አውጥቶ ለብዙ ጊዜ ሲያየው ቆየና፣ «ይኼ ነገር ላስቲክ መሆን የለበትም። ጠንካራና ስስ መሆን ብቻ ነው ያለበት» አለ። በማግስቱ ከራሱ ጥጥ ከጫማ ማሰሪያ የቀጠነች ቺንጋ ሸመነ። ጫፍና ጫፏን በቋጠሮ አላገናኛትም፤ መጋጠሚያው ሲያልፍ ድምፁ እንዳይዘል ክሩን በክሩ ላይ እያዞረ ቀለበት አደረጋት። እኔና እህቴ መጋጠሚያዋን በጣታችን ፈልገን አጣነው። ዘፈኑ ያለ ምንም መንቀጥቀጥ ወጣ። እህቴ አያቷ በስሟ ስትጠራት ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ የቋንቋውን ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው፤ የእህቴን ስም ግን ለይቼ ሰማሁ።

ሲነጋ ቺንጋዋ የለችም። አባቴ ለድሩ እንደሚያደርገው እንድትጠነክር ብሎ በዱቄት ሙጫ አሽቷት ነበር። አይጥ ክዳኑ ሥር ገብታ ጠርጋ በልታታለች። ማንም መሐንዲስ የሞተር ቺንጋ በዱቄት አያሽም፤ ሸማኔ ግን ሌላ ምን ያውቃል?

«ለአይጥ ቁርስ ሸምነህ አደርክ!» አለች እናቴ። በዚህኛው አባቴም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ሰርጉ ተቃርቦ ነበር።

በዚያው ሰሞን እህቴ ቴፑ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ «አባባ፣ በቃ ተወው። ያለ ዘፈን እወጣለሁ። የእኛ ሰፈር ሴቶች ይዘፍኑልኛል» አለችው።

«ይዘፍኑልሻል፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን አንቺን የዳረችሽ እናቴ ናት። ቀድማ ዘፍናልሽ ሞታለች። አሁን እኔ ኩባንያ ተወኝ ብዬ አፏን ልያዛት?»

«እኔ እኮ ለአንተ ብዬ ነው። እየደከምክ ነው።»

«አንቺ ያለ ዘፈን ትወጫለሽ። እኔ ነኝ የማላስወጣሽ!»

እህቴ ከዚያ ወዲያ ተወው አላለችውም። እንዲያውም ለሦስተኛዋ ቺንጋ ክሩን የፈተለችው እሷ ናት። አባቴ በዚህ ጊዜ ዱቄቱን ትቶ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም በር ላይ ጧፍ ገዝቶ መጣ። ሰሙን አቅልጦ ቺንጋዋን አሻት። አይጥ አልነካቻትም። ሰሙ መዘውሩን ጠበቅ አድርጎ ስለሚይዝ ዘፈኑ ከመጀመሪያውም የጠራ ሆነ። ችግሩ የታወቀው ወደ መጨረሻው ላይ ነው፤ ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ሰሙ ይለሰልስና ቺንጋዋ መንሸራተት ትጀምራለች። ጥቅሉ ይዘገያል፤ ድምፁም እየወፈረ ይወርዳል። ሲቀዘቅዝ እንደገና ሰም ቀብተን ስንሞክረው ያንኑ አደረገ። አንዳንድ ቀን እስከ ዘፈኑ መጨረሻ ያደርሳል፤ አንዳንድ ቀን አያደርስም።

የሙሽራው ቤተሰቦች ይህን ሰምተው፣ የራሳቸውን ካሴት ማጫወቻ አስጠግተን ደህና ደህናውን እየቆራረጥን እንድንቀዳው መከሩን። አባቴ ምክራቸውን በትሕትና አዳመጠና፣ «አመሰግናለሁ። እናቴ ግን ተቆራርጣ ሰርግ አትመጣም» አላቸው።

የሰርጉ ዕለት ሚዜዎቹ አበባ ባንጠለጠለች የውሰት መኪና መጡ። የእኛ ሰፈር ልጃገረዶች በር ላይ ተደርድረው አናስገባም እያሉ ሲሟገቷቸው ቆዩና በመጨረሻ ለቀቁላቸው። አንደኛው ሚዜ ትከሻው ላይ አዲስ ትልቅ ካሴት ማጫወቻ ተሸክሞ ነበር። ሳሎናችን መሐል ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ቴፕ ሲያይ ቆም አለ።

«አባታችን፣ ይኼ የስፌት መኪና ነው ወይስ ወፍጮ?»

«ቁጭ በል፤ ሲፈጭ ታያለህ» አለው አባቴ።

ሁሉም ሳቀ። አባቴ እህቴን ከጠረጴዛው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጣትና ቁልፉን ተጫነ። አያቴ ጀመረች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። ከአባቴ አገር የመጡት የሰፈራችን ሴቶች ዘፈኑን ሲያውቁት አንድ ሁለት እያሉ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እህቴ አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች። እኔ ግን ዓይኔን ከጥቅሎቹ አልነቀልኩም። ከቀኑ ሙቀትና ከሰዉ ብዛት የተነሣ ቤቱ ይፋጃል። ዘፈኑ ገና ከግማሹ ትንሽ እንዳለፈ ድምፁ መውረድ ጀመረ።

መጀመሪያ ሴቶቹ ጉንፋን የያዛቸው መሰሉ። ከዚያ ወንዶች ሆኑ። የአያቴ ድምፅ እንደ ሽማግሌ ምርቃት ወፈረ። ከሰርገኛው ዘንድ ሳቅ ተሰማ።

«አትሳቁ! ወንዶቹ አያቶቿም እየመጡላት ነው!» አለች እናቴ። ሳቁ የሁላችን ሆነ። ያቺን ሰዓት ስላዳነችን እናቴን እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ውጭ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ሚዜው ወደ አባቴ ጠጋ አለ።

«አባታችን፣ ሞተሩ እንደተነሣ ነው። ቤንዚኑ በኩፖን ነው እኮ!»

«ያጥፋዋ!»

«የቀረውን እኛ በካሴት እንጨርስልዎ?»

«የእናንተን መንገድ ላይ ትሰማዋለች። ይኼ ሳያልቅ ከዚህ ቤት የምትወጣ ልጅ የለኝም።»

ሚዜው ማጫወቻውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ወደ በሩም ሄዶ ለሾፌሩ በእጁ ምልክት ሰጠው። የመኪናዋ ሞተር ጠፋ። በዚህ መሐል ጥቅሎቹ ሊቆሙ ደረሱ፤ ድምፁም ማጉረምረም ብቻ ቀረው። የሰም ሽታ ይሸታል። ሁሉም ሰው አባቴን ያያል። እህቴ ቀና አለችና እሷም አየችው።

አባቴ የኮቱን እጅጌ ሰበሰበ። ሌባ ጣቱን ቀኙ ጥቅል ላይ ካለችው ቀዳዳ አስገብቶ በእጁ ማዞር ጀመረ። አያቴ ከመሬት ሥር እንደምትመጣ ሁሉ ቀስ ብላ ወጣች፤ በመጀመሪያ ጎርናና፣ ከዚያ ሴት ሆና። እጁ ፈጠን ሲል ትቀጥናለች፤ ሲዘገይ ትወፍራለች። አባቴ በአፉ ዘፈኑን እየተከተለ፣ ፈጠነ ሲል እየያዘ፣ ዘገየ ሲል እየገፋ አዞረው። በዕለቱ አንድም ሰው ኩባንያውን አላስታወሰም፤ እኔ ግን አስታወስኩት። እዚህ መጥቶ ቢያይ ብዬ ተመኘሁ።

አያቴ የእህቴን ስም የምትጠራው ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ነው። እዚያ ሲደርስ አባቴ እጁን አቀዘቀዘ። ስሟ ረጅም ሆኖ፣ በጣም ረጅም ሆኖ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ የቴፑ ሴቶችም እልል አሉ። ክሩ አልቆ ጫፉ ከግራው ጥቅል ሲላቀቅ አባቴ እጁን አነሣና፣ «አሁን ውሰዷት» አለ።

እህቴ ጉልበቱን ስማ ተነሣች። ልጃገረዶቹ አጅበዋት ወጣች። መኪናዋ ወደ ቀጨኔ ስትታጠፍ ከደጃፋችን ላይ ሆነን አየናት። የቴፑ ሞተር ከዚያ ወዲህ አልተነሣም፤ አባቴም ሊያስነሣው አልሞከረም። የሰርጉ ዕለት እሑድ፣ ጥር 20 ቀን 1976 ዓ.ም. ነበር።