ውሃ ውስጥ «አዎ» ማለት

የማጸዳው የመዋኛ ገንዳ ሆላንድ አገር፣ ስኪዳም ከተማ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ጠላቂዎች ይለማመዱበታል። የአየር ጋን በጀርባቸው አዝለው ወለሉ ላይ ሲንበረከኩ ከላይ ሆኜ አያቸው ነበር። አንድ ቀን መወልወያዬን ይዤ አንዱን ቦታ ስመላለስበት አሠልጣኛቸው ነቃችብኝ።

«ያ ቦታ ከዚህ በላይ አይነጻም» አለችኝ። «ይልቅ ነይ ግቢ።»

አሠልጣኟ ሆላንዳዊት ናት፤ ዕድሜዋ ከእናቴ ይበልጣል። በአክብሮት ሳናግራት «አሮጊት አታድርጊኝ» እያለች ስለምትቆጣ ነው እዚህም «እሷ» የምላት። መማሪያው መጽሐፍ በደች፣ በሆላንዶች ቋንቋ፣ የተጻፈ ነው፤ እኔ ደግሞ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ስለዚህ ሁሉንም በእጇ እያሳየች አስተማረችኝ። ዋናውን ቀደም ብዬ እዚያው ገንዳ ውስጥ ተምሬ ስለነበር ውሃው አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ሰው ፊት መቆሙ ነው። እኔ ሰው ካየኝ እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል።

በመጨረሻ ባሕር የምንገባበት ቀን ተቆረጠ። ቦታው ዜላንድ ነው፤ ባሕሩን ከሚገታው ግድብ፣ ከዳይኩ ማዶ፣ ባሕሩ ዳር። ሰዎች እዚያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ትልልቅ የሲሚንቶ ኳሶች አስቀምጠዋል፤ የባሕር እንስሳት ቤት እንዲያደርጓቸው። ሪፍ ይሉታል። ጥልቀቱ የአንድ ፎቅ ቤት ቢያክል ነው። ፎቶውን የገንዳው ግድግዳ ላይ አቧራ እየጠረግሁለት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! የፈለግሁት እሱን በዓይኔ ማየት ብቻ ነበር። ውሃው ሳይቀዘቅዝ ጀማሪዎች የሚገቡበት የመጨረሻው ቀን ያ ነበር፤ ካመለጠኝ እስከሚመጣው ዓመት መጠበቅ ነው።

የወሰዱኝ ከእኔ ቤት በታች የሚኖሩት ጋሼ ናቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ አሰብ ተወልደው አማርኛውንም እዚያው ወደብ ላይ ለመዱት። እዚህም ቭላርዲንገን ወደብ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። «ጓለይ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ለመሆኑ ጓለይ፣ ይሄ ሁሉ ኮተት ምንድነው?» አሉ መኪናው ውስጥ። «እኛ አሰብ ላይ በቁምጣ ነበር የምንጠልቀው።»

«ውሃው ሞቃት ነበራ ጋሼ።»

«ሞቃት? ሾርባ ነበር እንጂ! ዳቦ ብቻ ነው የጎደለው።»

ዳይኩ ሥር ጥቁሩን የላስቲክ ልብስ ታግዬ ለበስኩት። ጋሼ «የታሸገ ቋሊማ መስለሻል» ብለው ሳቁብኝ። ማኅተቤን ወደ ውስጥ አስገባሁ፣ አማተብኩ፣ ከአሠልጣኜ ጋር ተያይዘን ገባን።

ጭንቅላቴ እንደሰጠመ ቅዝቃዜው ከንፈሬን ነከሰኝ። ውሃው አረንጓዴ ነው፤ ታችኛው አሸዋ በደብዛዛው ይታያል። አሠልጣኜ ፊት ለፊቴ ሆና አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ገጥማ ክብ ሠራች። ደህና ነሽ? ማለቷ ነው። ገንዳው ውስጥ ሁላችንም በአንድነት ክቡን ሠርተን ስለምንመልስ ቀላል ነበር። አሁን ግን አንዱ እጄ የእሷን ክንድ፣ ሌላው የራሴን የክብደት ቀበቶ ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። ስለዚህ እቤታችን እንደምንመልሰው መለስኩላት፤ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ፣ ቅንድቤን ከፍ። ከዚያም ትልቅ ሰው ናትና ዓይኔን ሰበር አደረግሁ።

እንደገና ጠየቀችኝ። ምነው አልሰማችኝም ብዬ ይበልጥ ሳብኩ፤ ቅንድቤም ይበልጥ ወጣ። አሁንም ጠየቀችኝ፤ አሁንም ሳብኩ። ይኼኔ አውራ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። በጠላቂዎች ቋንቋ እንውጣ ማለት ነው። ብብቴን ይዛ ወደ ላይ አወጣችኝ።

«ደህና ነሽ?» አለችኝ በደች፣ መተንፈሻውን ከአፌ አውጥታ።

ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ።

«በቃ፣ ዛሬ ይቅርብን። ፈርተሻል፤ መፍራት ደግሞ ነውር አይደለም።»

አልፈራሁም ልላት ፈልጌ ነበር። ግን እንዲህ ነኝ፤ ሰው ስለ እኔ ሲሳሳት ማረም ያሳፍረኛል። ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ ቀበቶዬን መፍታት ጀመረች። ሪፉ እዚያው እግሬ ሥር ነው፤ ላላየው ነው።

ጋሼ ተንሸራተው እንዳይወድቁ እየተጠነቀቁ መጡ። «ምነው ቶሎ ወጣችሁ? ዓሣ ነከሳችሁ?»

«ደጋግሜ ጠየቅኋት» አለቻቸው አሠልጣኜ። «በጠየቅኋት ቁጥር ዓይኗ ይፈጣል፣ አየር በኃይል ትስባለች፣ ከዚያ ልታየኝም አትፈልግም። እንዲህ ሲሆን ሰው ደንግጧል ማለት ነው።»

ጋሼ ትንሽ አሰቡና ሳቃቸው አመለጣቸው። ሆዳቸውን ይዘው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ።

«እስቲ እኔን አንድ ነገር ጠይቂኝ» አሏት በደች።

«ምን ልጠይቅህ? ሻይ ትፈልጋለህ?»

ጋሼ ትንፋሻቸውን ሳብ፣ ቅንድባቸውን እስከ ባርኔጣቸው ከፍ።

«ደህና ነህ?» አለች ግራ ገብቷት።

ጋሼ እንደገና ሳብ።

«ይኸውልሽ! አዎ እያልኩሽ ነው። እኛ ዘንድ አዎ የሚባለው እንዲህ ነው።»

አሠልጣኜ አፏን በእጇ ያዘች። «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ እያለችኝ ነው ጎትቼ ያወጣኋት?»

እፎይ ያልኩ መሰለኝ፤ እሷ ግን ወዲያው ኮስተር አለች። «ቢሆንም ውሃ ውስጥ ቅንድብ ማንበብ አልችልም። ሳታየኝና በእጇ ሳትመልስልኝ አላወርዳትም።» ወደ እኔ ዞረች። «ራስሽ ንገሪኝ። መውረድ ትፈልጊያለሽ?»

ጋሼ ሊመልሱልኝ አፋቸውን ከፈቱ። «አንተን አልጠየቅሁም» አለቻቸው።

«በይ ተናገሪ እንጂ ጓለይ!» አሉ በአማርኛ። «ምላስሽን ሸርጣን በላው?»

ቀና አልኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዓይኗ ምን ዓይነት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ግራጫ ነው፤ ከላይ ሲያዩት እንደ ባሕሩ።

«ያ! ኢክ ዊል!» አልኩ። አዎ፣ እፈልጋለሁ።

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። ዳይኩ ላይ በብስክሌት ያልፉ የነበሩ ባልና ሚስት ዞረው አዩን። ጋሼ አጨበጨቡ። ፊቴ በዚያ ብርድ ጋለ፤ ቀበቶዬ ግን ተመልሶ ታሰረ።

ተመልሰን ገብተን ክብ ስትሠራልኝ ቀበቶዬን ለቅቄ እኔም ክብ ሠራሁ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ። ወረድን። መጀመሪያ ጥቁር ጥላ ታየኝ፤ ቀርበን ሳየው የሲሚንቶው ኳስ ነው፤ ግን ሲሚንቶው የታለ? ዛጎል በዛጎል ላይ ተነባብሮበታል። በመካከሉ ነጭና ብርቱካንማ አበባ የሚመስሉ እንስሳት ጣታቸውን ዘርግተው ይወዛወዛሉ። አንዲት ሸርጣን ቆማ ገላመጠችኝ፤ ቤቷ ሳላንኳኳ የገባሁ እንግዳ ነኝ። አሠልጣኜ መብራቷን ወደ አንዱ ቀዳዳ አበራች። ውስጡ ሰማያዊ ክሬፍት፣ ረዘም ያለ የሸርጣን ዘመድ፣ ተቀምጧል፤ እንደ ጉጠት ያሉ ሁለት ትልልቅ እጆቹን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ፣ ረጃጅም ቀጫጭን ጢሞቹን ወደ እኔ እያወዛወዘ። ፎቶው ላይ እሱ አልነበረም። የራሴን ትንፋሽ እየሰማሁ ብዙ አየሁት።

አሠልጣኜ ትከሻዬን ነካች። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ አውራ ጣቷን ቀሰረች፤ እንውጣ? እያለችኝ ነው።

ትልቅ ሰው ጠይቆኝ እምቢ ብዬ አላውቅም። ፊት ለፊት አየኋትና ጣቴን ግራና ቀኝ ወዘወዝኩ። እንዳይሳሳት ጭንቅላቴንም ጨመርኩበት።

የአየር መለኪያዬን አንሥታ አየች፤ አየሩ ገና አላለቀም። ከመተንፈሻዋ አረፋ ተንጣጥቶ ወጣ፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሰው ውሃ ውስጥም እንደሚስቅ ያወቅሁት ያኔ ነው። ከዚያ ወደሚቀጥለው ኳስ አመለከተችና ቀደመችኝ።