እህቴን የገደልኩበት ደብተር

ትናንት ታላቅ እህቴ አልማዝ ደውላ፣ «ያንን ደብተርሽን ይዘሽልኝ ነይ፤ ልጄ ስለ አየር ንብረት ለውጥ የፈጠራ ታሪክ ጻፊ ተብላለች» አለችኝ። ክው አልኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሳጥን ሥር የደበቅኩት ደብተር ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ነው የጻፍኩት። በታሪኩ ዝናብ ቀርቷል፤ የማንኪራ ጫካ ነዷል፤ በዓለም የቀረውን አንድ የንብ መንጋ ሁለት እህትማማቾች በመስተዋት ቤት ውስጥ ይጠብቃሉ። ያን ሰሞን አልማዝ ቦንጋ ገበያ መሃል በጥፊ አጩላኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቂመኛ ነኝ። በመጨረሻው ገጽ በመስተዋት ቤቱ የሚተነፈሰው አየር ለአንድ ሰው ብቻ ሲተርፍ ታላቂቱ በሩን በታናሿ ላይ ትዘጋለች። ታናሿም በሩን ሰብራ ትገባና በገጀራ አንገቷን ትቀላታለች። ደሙን የጻፍኩት በቀይ እስክሪብቶ ነው።

አልማዝ ከዚያ ገጽ በፊት ያለውን ሁሉ እየነጠቀችኝ አንብባለች። «የንቦቹን ድምፅ አላወቅሽበትም» ብላ ማንኪራ አጎታችን ዘንድ የወሰደችኝም እሷው ናት። ጥቅምት ነበር፤ መንገዱ ገና ጭቃ ነው፤ ቡናው መቅላት ጀምሯል። አጎታችን ቆጮ በጎመን አብልቶን፣ «ሽቶ የነካው ሰው ቀፎ ሥር አይቁም፤ ንብ ሽታ ትጠላለች» አለን። እኔ ጠዋት የአልማዝን የፀጉር ቅባት ሰርቄ ተቀብቼ በሻሽ ሸፍኜዋለሁ። ሌብነቴ እንዳይታወቅ ዝም አልኩ።

አጎታችን ዛፉ ላይ ወጥቶ ቀፎውን ሲያጥን ንቦቹ ወረዱብኝ። ሻሼን ቦጭቄ ብጥለው ባሰ። ጆሮዬ፣ ከንፈሬ፣ የዓይኔ ቆብ ነደደ፤ ስጮህ አፌ ውስጥ ገቡ። አልማዝ ጥላኝ ስትሮጥ አየኋትና፣ «ይኸው፣ እንደጻፍኩት!» አልኩ በልቤ። ለካ ነጠላዋን ልታመጣ ኖሯል። ተመልሳ መሬት ላይ ጣለችኝ፤ ነጠላውን አልብሳኝ በላዬ ተኛች። በተነደፈች ቁጥር ሰውነቷ ሲንዘፈዘፍ ይሰማኛል።

«እታለም፣ ተነሺ! ይገድሉሻል!»

«ዝም በይ፣ አንቺ የቅባት ሌባ!»

ሁለት ቀን ዓይኗ አልተገለጠም። አጎታችን ቤት ተኝታ፣ «መጨረሻውን አንብቢልኝ» አለች። ደብተሩን ገልጬ ያልጻፍኩትን አነበብኩላት፤ ታላቂቱ በሩን ከፈተች፣ ሁለቱም ተረፉ። «እኔማ አልዘጋብሽም» ብላ በዚያ ባበጠ ከንፈሯ ሳቀች። እኔ ወጥቼ እንሰቱ ሥር አለቀስኩ።

ዛሬ በባጃጅ ቤቷ ሄጄ ደብተሩን ሰጠኋት። ገጹን ቀድጄ መምጣት እችል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። መነጽሯን አድርጋ ቀዩን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ደብተሩን ለልጇ አቀብላ፣ «አክስትሽ ከምትጽፈው የምታነበው ይሻላል» አለቻት።

ያኔ ዓለም እንዴት እንደምትጠፋ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። እህቴን ግን አላውቃትም ነበር።