ዘይት የጠጣው እንሰት

እንሰት ሳላይ የእንሰት መፋቂያ ማሽን ዲዛይን ያደረግኩ ጅል ቢኖር እኔ ነኝ። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ኢንተርንሺፕ ሶዶ ሲደርሰኝ እንሰቱ ሙዝ መስሎኝ፣ «ፍሬው የታለ?» ብዬ ወርክሾፑን በሙሉ አስቄያለሁ። ስዕሉ ግን ያምር ነበር። ኮምፒውተር ላይ ምን የማያምር አለ።

ጊዜው «ምርጥ ተሞክሮ» ያልተባለ ሥራ እንደ ሥራ የማይቆጠርበት ጊዜ ነው። የወርክሾፑ ኃላፊ ማሽኑ ገና ሳይሞከር ከዞን እንግዶች ጠራ። ሙከራው ከኦቶና ሰፈር ወረድ ብሎ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ጓሮ ሆነ። ሴትየዋ ለዓመታት ያሳደጉትን ትልቁን እንሰት ቆረጡልን። በቆሎው እስኪደርስ ልጆቻቸው የሚበሉት እሱን ነው።

እንግዶቹ ሲቃረቡ ማሽኑ ሲጥ ሲጥ ይል ጀመር። ኃላፊው ከመኪና የተቀዳ ጥቁር የተቃጠለ ዘይት አምጥቶ እንሰቱን የሚፍቀው ሮለር ላይ ገለበጠበት።

«ኢንጂነር፣ ይሄ እኮ ምግብ ነው» አልኩት።

«ታዲያ እንግዳ ፊት ይጩህ? አዙር።»

አዞርኩ። ነጭ ሆኖ መውረድ የነበረበት እንሰት በጥቁር ተዥጎርጉሮ ከሥር የተነጠፈው የኮባ ቅጠል ላይ ዝርግፍ አለ። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

«ነጩን ከላይ አድርገው፣ ፎቶ ሊያነሱ ነው» አለኝ ኃላፊው በጆሮዬ።

አደረግኩት። አጨበጨቡ። አንዱ እንግዳ ጣቱን ከተት አድርጎ «ጥራት አለው» አለና በመሀረቡ ጠረገ። መሀረቡ ጠቆረ። አየት አደረገና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ሁሉም ጥሬ ሥጋ ሊበሉ ወደ ከተማ ሄዱ፤ እኔ ዕቃ ሰብስብ ተባልኩ። ጥሬ ሥጋ አምልጦኝ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

«እማማ፣ ይሄን እንዳይበሉት። ለልጆቹም እንዳይሰጡ» አልኳቸው።

«ዓይን አለኝ እኮ» አሉና ኮባውን ከነያዘው ጎትተው አጥር ሥር ደፉት። ላማቸው መጥታ አሸተተችውና ፊቷን አዞረች።

ሴትየዋ ተመልሰው መጡ። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

«በእኛ ሴት እንሰት ስትፍቅ ወንድ አጠገቧ አይደርስም» አሉኝ። «ለምን እንደሆነ እናቴ ሳልጠይቃት ሞተች። አሁን ገባኝ። በል ድንች ቀቅያለሁ፤ እጅህን ደህና አድርገህ ታጠብና ብላ።»