የዳኛው ዝምታ

ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በዩኒቨርሲቲው የቲያትር ክፍል የልብስ መጋዘን ውስጥ፣ አንድ የዘበኛ ካፖርት መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። አንገትጌውና አንዱ እጅጌው ተተኩሰዋል፤ ሌላው እጅጌ ገና እንደተጨማደደ ነው። ካውያው ግን ከሶኬቱ ተነቅሎ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የምትተኩሰው ሴት ደረቷን ይዛ ወንበር ላይ ከመውደቋ በፊት ነቅላዋለች፤ ከዚያ አልተነሳችም። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። የሚያውቋት ሰዎች ደግሞ ልቧ የተጎዳው ያን ቀን ሳይሆን መስከረም መጨረሻ ላይ፣ በስፖርት አዳራሹ ውስጥ ነው ይላሉ። ይህን ሐኪሙ አላለም።

ተማሪዎቹ እትዬ ሹክሹክታ ይሏት ነበር። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። ተዋናይ መድረክ ላይ ቃል ሲጠፋው፣ ከመጋረጃ ጀርባ ድርሰቱን ይዞ ተቀምጦ በሹክሹክታ የሚያቀብለው ሰው አለ፤ አስታዋሽ ይባላል። እሷ ወደ ግቢው የመጣችው ልብስ ልታጥብና ልትተኩስ ነበር። አንድ ዓመት አስታዋሹን ጉንፋን ያዘውና ሳሉ ከተዋንያኑ በላይ ተሰማ። «እስቲ አንቺ ተቀመጪ፤ ማንበብ ትችያለሽ አይደል?» አሏት። ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ ከወንበሩ ያስነሳት የለም።

ሁለት ደንብ ነበራት። አንደኛው፣ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ማቀበል ነው። «ጫፉን ካስያዝኩት ገመዱን ራሱ ይስበዋል» ትላለች። ሁለተኛው ይከብዳል፤ ዝምታን መለየት ነው። አውቆ ዝም ላለ ተዋናይ ቃል ማቀበል፣ የሚጸልይን ሰው ትከሻ እንደ መነቅነቅ ነው። ጠፍቶት ዝም ያለውን አለማቀበል ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ ጥሎት መሄድ ነው። እሷ በትንፋሽ ትለየው ነበር። አውቆ ዝም ያለ ሰው ትንፋሹን ይይዘዋል። የጠፋው ሰው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ከሁሉም አብልጣ የምታውቀው የታላቅ ወንድሟን ትንፋሽ ነበር። እሱ በዚያው ክፍል የትወና መምህር ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሁለቱ በመምህራን መኖሪያ ሕንጻ አንድ ቤት ይኖራሉ። ድምፁ ወፍራም፣ ራሱ መላጣ ነው፤ «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» እያለ መላጣውን በመዳፉ እየመታ አዲስ ገቢዎችን ያስቃቸዋል።

በክረምቱ ግን «ያ እንትን» የሚለው ነገር በዛ። ዳቦ ቤቱ እንትን ሆነ፣ መነጽሩ እንትን ሆነ። ዕድሜ ነው ብላ አለፈችው። አንድ ጠዋት የክፍሉን ኮሪደር ስታቋርጥ ድምፁን ሰማችና ቆመች። ትናንት ያስተማረውን ትምህርት፣ ከትናንቱ ቀልድ ጋር፣ እንደ አዲስ እያስተማረ ነው። ተማሪዎቹ መልመጃ መስሏቸው በጸጥታ ይጽፋሉ። እጇ ላይ የነበረውን የልብስ ቅርጫት አስቀምጣ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ጋሼ፣ ሐኪም እንይ» አለችው ቤት ሲገቡ።

«እናያለን። ከዓመቱ መክፈቻ በኋላ።»

«በፊት ቢሆንስ?»

«በፊት ከታየሁ ይጻፋል፤ ከተጻፈ ይነገራል፤ ከተነገረ በመክፈቻው ቲያትር ዳኛውን ሌላ ሰው ይጫወተዋል።» መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ሳያስፈልገው ደግሞ ጠረገ። «እቴ፣ ይህችን አንዲት ቲያትር አስጨርሺኝ። ከዚያ በራሴ አፍ እናገራለሁ። ብቻ መድረኩ ቀድሞ እንዲያጋልጠኝ አታድርጊ።»

እሺ አለች። እሺ ካለችበት ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ እንደ እንግዳ ሆነባት፤ ሲመጣም ቶሎ ይሄዳል።

የዓመቱ መክፈቻ የሚውለው የግቢው ሣር በአደይ አበባ በሚሸፈንበት ሰሞን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሩጫ አለ፣ ኳስ አለ፣ መዘምራን አሉ፤ ማሳረጊያው ቲያትር ነው። የዚያ ዓመቱ ቲያትር የገዛ ልጁ ላይ እንዲፈርድ ስለተገደደ ሽማግሌ ዳኛ ነበር። ሊታይ ጥቂት ቀን ሲቀረው የትልቁ አዳራሽ ጣሪያ አፈሰሰና ቲያትሩ ወደ ስፖርት አዳራሹ ተዛወረ። በሦስት ወገን ተመልካች፣ በአራተኛው የውጤት ሰሌዳ የተሰቀለበት ግድግዳ። መጋረጃ የለም፤ መደበቂያም የለም።

የመጀመሪያው ቅሬታ የመጣው ከቅርጫት ኳስ አሰልጣኙ ነው። እሱ በዚያው ሕንጻ ከእነሱ ቤት በታች ይኖራል፤ የአዳራሹን ወለል ከሚስቱ ፊት አብልጦ ያያል ብለው ያሙታል። «ወለሌን በቆዳ ጫማ የረገጠ ዳኛም ቢሆን በፊሽካ ነው የማስወጣው» አለ። እናም ያ ሁሉ ችሎት፣ ዳኛውም ዘበኞቹም፣ ሸራ ጫማ አደረገ።

ሁለተኛው ወሬ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ራሱ የወንድሟ ተማሪ የነበረ ጎልማሳ፣ ልምምድ ላይ ጠራት።

«እትዬ፣ ዘንድሮ ይረፉ። መጋረጃ የለንም፤ የት ላስቀምጥዎ?»

«ቃል ቢጠፋባቸውስ?»

«ልጆቹ በደንብ ይዘውታል። ለጋሼ ደግሞ አስታዋሽ? እኛን ሲያስተምሩን መጽሐፍ ገልጠው አያውቁም እኮ።»

ፊቷን ፈገግ አደረገችው። «ልክ ነህ። እኔ የምለው፣ ይሄ ችሎት ጸሐፊ የለውም እንዴ?»

«የምን ጸሐፊ?»

«ዳኛው ሲፈርድ የሚጽፍ። የሰው ልጅ ወህኒ ሊወርድ፣ የሚመዘግብ የለም። እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት አይተህ ታውቃለህ?»

ኃላፊው ሳቀ። «ቃል የላትም እኮ፣ እትዬ።»

«ቃል መቼ ለመንኩህ። ከወንበሩ ግርጌ ጠረጴዛ ስጠኝና አቀርቅሬ እጽፋለሁ።»

እንዲህ አድርጋ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ዓይን ያልገባች ሴት፣ በመጨረሻው ዓመቷ ተዋናይ ሆነች። ተማሪዎቹ «ቃል አቀባያችን መድረክ ወጡ» እያሉ ቀለዱባት። ወንድሟ ብቻ አልቀለደም። ጠረጴዛዋ ሲቀመጥ አየና፣ አንድ ክንድ ያህል ወደ ወንበሩ ሳበው።

የቲያትሩ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ፕሬዚዳንቱ ከነእንግዶቹ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ከበላያቸው ተማሪው እስከ ጣሪያው ድረስ ተደራረበ። ሙቀቱ ሲበረታ አሰልጣኙ ትልልቆቹን ቬንትሌተሮች ለቀቃቸው። ልምምድ ላይ አንድም ቀን ተለቀው አያውቁም። እሷ ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራ እስክሪብቶዋን እንደያዘች፣ ያ ጉርምርምታ ከላይ ሲወርድባት ጆሮዋን ወደ ዳኛው ወንበር አዘነበለች። የወንድሟን ትንፋሽ መስማት አልቻለችም።

የመጀመሪያው ክፍል በሰላም አለፈ። ሁለተኛው ላይ አንዴ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ቃል አቀበለችው፤ ያዘው። ደግሞ አቀበለችው፤ ደግሞ ያዘው። ማንም አላየም። አንገቷ ደንዝዟል፤ ወረቀቱ ላይ የምትጽፈው ጽሑፍ ሳይሆን ጭረት ነበር።

ከዚያ ፍርዱ መጣ። በድርሰቱ ዳኛው እጆቹን ያያል፤ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል፤ ከዚያ ቀና ብሎ «አባት ልጅ አለው፤ ወንበር ግን ልጅ የለውም። አሥር ዓመት ይታሰር» ይላል። ልምምድ ላይ ያቺን ዝምታ ሲጎትታት ልጆቹ ያለቅሱ ነበር። አሁንም እጆቹን አየ። ዝም አለ።

ጆሮዋን ቀሰረች። የሚሰማው ቬንትሌተር ብቻ ነው። አውቆ ነው? ጠፍቶት ነው? አሁን ብታቀብለው የሕይወቱን ምርጥ ዝምታ ታበላሽበታለች፤ ባታቀብለው... ልጁን የሚጫወተው ተማሪ ከተከሳሽ ሳጥኑ ውስጥ ቅንድቡን አነሳ። አንዱ ዘበኛ እግሩን ሲቀይር ሸራ ጫማው ወለሉ ላይ ሲጥ አለ። ከላይ የሆነ ሰው ሳለ። ዝምታው ከልምምዱ ዝምታ አለፈ።

«አባት» አለች በሹክሹክታ።

ምንም የለም።

«አባት።»

ወንድሟ ከወንበሩ ላይ ጎንበስ ብሎ አያት። ዓይኖቹ የዳኛ ዓይኖች አልነበሩም። ሰው በሞላበት አዳራሽ መሐል፣ በቀጭን ድምፅ፣ «ሚጡ» አላት። እናታቸው እሷን በልጅነቷ የምትጠራበት ስም ነው። «ሚጡ፣ አባዬ መጣ እንዴ?»

ጫፉን አስይዛው ነበር፤ እሱ ግን ሌላ ገመድ ይዞ ወደ ልጅነቱ ሄዷል። አንድ ቃል ጨምራ ብታንሾካሹክ ወዴት እንደሚወስደው አታውቅም። ዳኛው ከጸሐፊዋ ጋር ሲነጋገር ሰው ሁሉ አየ፤ ፕሬዚዳንቱ ወደፊት ጠጋ ብሎ ተቀመጠ።

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ተነሳች።

«ክቡር ዳኛ» አለች ጮክ ብላ። የራሷ ድምፅ ባዕድ ሆነባት፤ መድረክ ላይ ድምፅ አውጥታ አታውቅም። «አባትዎ አልመጡም። የሚጠበቀው የእርስዎ ፍርድ ነው። ላንብብልዎ?»

አያት። ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ።

ጭረት የሞላበትን ወረቀት አነሳችና እንዳነበበ ሰው «አባት ልጅ አለው» አለች።

«አባት ልጅ አለው» አለ እሱ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን።

«ወንበር ግን።»

«ወንበር ግን...» ድምፁ መወፈር ጀመረ። ተከሳሹን አየ፤ ዘበኞቹን አየ፤ መጎናጸፊያውን ዳሰሰ። «ወንበር ግን ልጅ የለውም። አሥር ዓመት ይታሰር።»

አዳራሹ መጀመሪያ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። ዳኛ በፍርድ ሰዓት ሕፃን ሲሆን፣ ጸሐፊዋ ፍርዱን ስታስደግመው፣ እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም ተባባሉ። ከፊት ረድፍ ያላጨበጨበ አንድ ሰው ነበር፤ ድርሰቱን በቃሉ የሚያውቀው ኃላፊው።

ተዋንያኑ የሚለብሱት ኳስና ፍራሽ በሚቀመጥበት ክፍል ነበር። ኃላፊው ልጆቹን አስወጥቶ በሩን ዘጋ። ወንድምና እህት ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ያ ነገር ድርሰቱ ውስጥ የለም» አለ።

«የለም» አለች እሷ።

«የማን ሐሳብ ነው ታዲያ?»

የእኔ ነው ልትል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ቃል ክረምቱን ሙሉ የደበቀችውን ለሌላ ክረምት ይሸፍነዋል። ወንድሟ ግን በራሴ አፍ እናገራለሁ ብሏል። ይህን ማለቱን ያስታውስ እንደሆነ አታውቅም። ኃላፊው ይጠብቃል፤ ወንድሟ ዝም ብሏል። ክፍሉ ውስጥ ቬንትሌተር አልነበረም። ትንፋሹን አዳመጠችው። ይዞታል።

ምላሷን ነክሳ ጠበቀች።

«ሐሳብ አይደለም ልጄ» አለ ወንድሟ። «ጠፋኝ። ቃሉ ብቻ አይደለም፣ የት እንዳለሁም ጠፋኝ። ከክረምት ጀምሮ ይጠፋኛል፤ እሷን አታሳጣት፣ ለምኜያት ነው የሸሸገችልኝ። አሁን አንተ የምታደርገውን አድርግ።»

ኃላፊው ኳሶቹን ገፋ አድርጎ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠና የመምህሩን እጅ ያዘ። ሦስቱም እንደዚያ ሳሉ አሰልጣኙ መወልወያ ይዞ ገባ፤ አያቸውና ሊመለስ ብሎ ቆመ።

«ዳኛ ሲሳሳት በየሳምንቱ አያለሁ» አለ። «ጸሐፊ ስትፈርድ ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

መጀመሪያ የሳቀው ወንድሟ ነበር።

ከዚያ ወንድሟ ሐኪም ዘንድ ታየ፤ የበሽታውን ስም ሐኪሙ ነገራቸው። ማስተማሩን ተወ፤ ጠዋት ጠዋት ግን ክፍል ገብቶ ከኋላ ይቀመጣል፤ ተማሪዎቹም ወንበሩን ይይዙለታል። ቲያትሩ የአዳራሹ ጣሪያ ሲጠገን በሌላ ዳኛ ሊደገም ተወሰነ። እሷ ደግሞ ካፖርቶቹን መተኮስ ጀመረች። ይደክማታል፤ ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ትቆማለች። ለምን ስትባል፣ «የሕንጻውን ቀለም እያየሁ ነው» ትላለች።

ጥቅምት አሥራ ስምንት ቀን፣ ከሥራ ስትወጣ፣ ከግቢው የኋላ በር አጠገብ ቁልፍ የሚቀርጸው ሰውዬ ዘንድ ሄደች። ሐሳቡን ያመጣው ወንድሟ ራሱ ነው። «አንቺ ሳትኖሪ በሩን ቆልፌ መክፈቻው ቢጠፋኝስ? አንድ ሰው ይያዝልን» ብሏት ነበር። ከቲያትሩ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ አይወጣም ነበር። ሰውዬው ቀርጾ ሰጣት፤ ጥርሱን በጣቷ ዳሰሰችና «ይሄ ጠርዙ ይቧጥጣል» ብላ መለሰችለት። አጉረምርሞ ደግሞ ሞረደው።

አሰልጣኙ በሩን የከፈተው በነጠላ ጫማ ነበር።

«ግቡ እንጂ እትዬ።»

«አልገባም፤ ጋሼ ብቻውን ነው። ይሄ የቤታችን ቁልፍ ነው። በሩ ቢዘጋበት፣ ወይም እኔ ብቆይ...»

«ገባኝ» አለ። ቁልፉን ግን ኪሱ አልከተተውም። ተከትሏት ወጣ፤ በሩ ላይ ሞከረው። ያለ ድካም ዞረ። ከውስጥ ወንድሟ «ማነው?» አለ።

«ጎረቤት ነኝ ጋሼ። ቁልፍ እየሞከርኩ ነው።»

«ከፈተ?»

«ከፍቷል።»

«እንግዲያው እንዳትጥለው፤ እንደ ኳስህ።»

አሰልጣኙ እየሳቀ ወረደ። ቁልፉን ከፊሽካው አጠገብ ሚስማር ላይ ሲሰቅለው ሰማች፤ ከዚያም ገብታ በሩን ዘጋች።