የወንድሜ የአክሲዮን ደብተር

ወንድሜ ከሞተ ከወራት በኋላ የታክስ ጊዜ ደረሰ። ለሞተ ሰውም ታክስ እንደሚሞላ አላውቅም ነበር። እዚህ አገር ያለነው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ስለዚህ ነገሩ በእኔ ላይ ወደቀ።

ወንድሜ ሳን ሆዜ የኮምፒውተር ዕቃ የሚገጣጥም ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። ከደመወዙ እያስቆረጠ በየስድስት ወሩ የድርጅቱን አክሲዮን በቅናሽ ይገዛ ነበር። እኔ በዲቪ ስመጣ ሁሉንም ሸጠው። በከፊሉ ሳን ሊያንድሮ ለሁለታችን ቤት ተከራየ፤ የቀረውን ለእናታችን ጣሪያ ብሎ ባንክ አስቀመጠው። የዛገውን ቆርቆሮ ከክረምት በፊት አስቀይራለሁ ብሎ በስልክ ቃል ሲገባላት አጠገቡ ነበርኩ።

ኦክላንድ ውስጥ ለሐበሻ ታክስ የሚሞሉ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። የሽያጩን ወረቀት አገላብጠው አዩት።

"ይሄ በስንት እንደሸጠው ነው የሚለው። በስንት ገዛው?"

"አላውቅም፣ ጋሼ።"

"ካላወቅን መግዣው ዜሮ ይባላል። ሙሉውን እንዳተረፈ ተቆጥሮ ታክስ ይጣልበታል። ከድርጅቱ ወረቀት አምጣ።"

የእናቴ ጣሪያ ነው የታየኝ።

የወንድሜን መሳቢያ እስከዚያ ቀን አልከፈትኩትም ነበር። ከካልሲዎቹ ሥር ትንሽ ደብተር አገኘሁ። የመጀመሪያው መስመር "ሰኔ 23 ቀን 85" ይላል፤ ከጎኑ ስንት አክሲዮን በስንት ዶላር እንደገዛ ተጽፏል። እንዲህ ያለ አራት መስመር ነበር። የእጅ ጽሑፉን ሳይ ደብተሩን ዘጋሁት። ከዚያ እንደገና ከፈትኩት።

በማግስቱ፣ የሰው መኪና እያቆምኩ ከምሠራበት ጋራዥ፣ በእረፍት ሰዓቴ ወደ ድርጅቱ ደወልኩ። እንግሊዝኛዬ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ይቆራረጣል። ላነሳችው ሴት የወንድሜን ስም ነገርኳት። "ጁን፣ ኤይቲ ፋይቭ" አልኳት።

በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሠራተኛ አልነበረንም አለችኝ። ድርጅቱ ራሱ ገና አልተቋቋመም ነበር አለች።

እኔ ግን አውቃለሁ። በ85 ወንድሜ እዚያ ይሠራ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ሆኜ ከሳን ሆዜ ጫማ የላከልኝ በዚያ ዓመት ነው። ይህን ልነግራት ስሞክር ቃላቱ ጠፉብኝ። ሌላ ቀን ደወልኩ፤ መልሱ ያው ነው። ወንድሜን ካዱት ብዬ ተናደድኩ። ቀጥሎ ለመናደድም ደከመኝ።

ደብተሩን ይዤ ወደ ጋሼ ተመለስኩ። ለሴትየዋ ያልኳትን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ።

"አንተ! በእነሱ 85 ወንድምህ አዲስ አበባ ኳስ ሲራገጥ ነበር። ይሄ እኮ በእኛ ነው! ወሩን ቀይረህ ዓመቱን ተውከው? ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወስደሃት ሴትየዋ ምን ታድርግህ?"

ልስቅ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። እሳቸውም አዩኝና ሳቃቸውን አቆሙ።

"አይዞህ ልጄ። ደግሞ ቅናሹ እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ ታክሱ ተከፍሏል፤ ስለዚህ ቅናሹን መግዣው ላይ እንደምረዋለን። ዜሮ ብለን ብንሞላ በገዛ ገንዘቡ ድጋሚ ነበር የሚከፍለው።"

በሦስተኛው ጥሪ "ናይንቲ ስሪ" አልኳት። ወዲያው አገኘችው። እሱን ራሱን ማናገር እፈልጋለሁ አለችኝ። መርዶውን ለእናቴም ሆነ ለሐበሻው ሁሉ የነገረው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ለማንም ነግሬ አላውቅም። አሁን በእንግሊዝኛ መናገር ነበረብኝ። ሞቷል አልኳት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የሞት ማስረጃውን በፖስታ ላክልኝ አለች።

ወረቀቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። አራቱም መስመር ከደብተሩ ጋር አንድ ነው፤ ሳንቲም አልተዛነፈም። የተጣለው ታክስ ትንሽ ሆነ።

ጋሼ ፎርሙን ሲጨርሱ የሞተበትን ቀን ጠየቁኝ። "ኅዳር ስምንት" አልኩ። አላረሙኝም። ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አዩና በፈረንጁ ጻፉት።

ገንዘቡን ላክሁ። ክረምቱ ሲገባ እናቴ ጋ ደወልኩ። ቆርቆሮው ተመቷል። ዝናቡ በስልኩ ውስጥ ይሰማ ነበር።

"ከየት አምጥተህ ነው፣ ልጄ? ገና ምን ሠርተህ?"

"የእሱ ነው፣ እማዬ" አልኳት። "የእሱ ነው።"

ሁለታችንም ዝናቡን ሰማን። ከዚያ ካርዱ አለቀ።