የሊቀመንበሩ ልጅ

አሳታሚው በልብ ወለዴ ውስጥ ያለውን ሊቀመንበር አልወደደውም። «የተባረረች ልዕልት ተረት አይደል? ንጉሥ አድርጊው» አለኝ። ረቂቄን ይዤ ጣና ዳር ወረድሁ። እርጥብ ደንገል ሸተተኝ።

በደርግ ጊዜ አክስቴ እዚሁ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ደንገል እየጎነጎነች፣ አባቷ ከቤተ መንግሥት ስላባረራት ልዕልት ትተርትልን ነበር። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ከኋላችን ቆሞ ሰማ።

«ከእንግዲህ የንጉሥ ተረት የለም!» አለ።

«እሺ ጓድ» አለች አክስቴ። ቀና ሳትል ቀጠለች፦ «አንድ ክፉ ሊቀመንበር ነበር። የገዛ ልጁን ከቤት አባረራት።»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። እኔ ምን እንደሆኑ ስላልገባኝ «ከዚያስ?» አልሁ።

«ከዚያማ ተመልሳ መጣች» አለች፣ አሁን ሰውየውን ዓይን ዓይኑን እያየች። «ቤቱም የሷ ሆነ።»

ለአሳታሚው ደወልሁለት። «ሊቀመንበሩ አይነካም» አልሁት። «ንጉሥ ካማረህ ሌላ ደራሲ ፈልግ።»